ዘጠኝ ክቦች

በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቼ ዛሬም ያልለመድኩት ሽታውን ነው። ሬሳውን ዓይን ይለምደዋል፤ አፍንጫ ግን አይለምድም። የዚያ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የገባሁበት የንባብ ክፍል ደም ደም፣ አሮጌ መጽሐፍ መጽሐፍ፣ ከዚያ ሁሉ ሥር ደግሞ በረኪና በረኪና ይሸት ነበር። መሐረቤን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ገባሁ።

ሟቹ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። በጠረጴዛቸውና በመጽሐፍ መደርደሪያው መካከል በጎናቸው ተጋድመዋል። የለበሱት ሸሚዝ ነጭ መሆኑ የሚታወቀው በእጅጌው ብቻ ነው። ደሙ ወለሉን ተከትሎ እስከ በሩ ድረስ ሄዷል። ግድግዳው ላይ፣ ሃያ አምስት ዓመት የመሩት የመጠጥ ፀር ማኅበር መፈክር በወርቃማ ፊደል ተሰቅሏል፤ «አንዲት ጠብታ የውድቀት ደጃፍ ናት» ይላል።

ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ሥር አየሁ። የረጋው ደም ላይ ዘጠኝ ክቦች አሉ። ደሙ በዙሪያቸው ፈስሶ ቆሟል፤ ውስጣቸው ግን የወለሉ ጣውላ ይታያል። ሦስት ሦስት ሆነው በሦስት ረድፍ ተሰልፈዋል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት ሳጅኑን።

«የቀለም ቆርቆሮ ይሆናላ።»

«ቆርቆሮው የት አለ?»

ትከሻውን ሰበቀ። ማስቲካ እያኘከ ነው። ሬሳ ፊት የሚያኝክ ሰው እንዴት ያለ ጨጓራ እንዳለው አላውቅም። ፎቶ አንሺውን ጠርቼ እያንዳንዱን ክብ በቅርበት እንዲያነሳ አዘዝኩና ወደ ሳሎን ወጣሁ።

ባለቤታቸው ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጸጉራቸው ተበጥሯል፣ ነጠላቸው ተስተካክሏል። ሰው ሲያዝን ትንሽ ይዝረከረካል፤ እኚህ ሴትዮ ምንም አልተዝረከረኩም።

«መጨረሻ ያዩአቸው መቼ ነው፣ እትዬ?»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። ደህና ነበሩ። እኔ የማኅበሩ የሴቶች ስብሰባ ነበረብኝ። ስመለስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነው ያገኘሁት።»

«ሕመም ነበረባቸው?»

«ጉበታቸውን ያማቸው ነበር። ሐኪም ይከታተላቸዋል።»

«መጠጥ ይቀምሱ ነበር?»

እንደ ሰደብኳቸው ሁሉ አዩኝ። «እርሳቸው? እርሳቸው አይጠጡም!»

በዚህ መካከል ሳጅኑ አንድ ሰው እየጎተተ ገባ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከግቢው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራል። ሰፈሩ በስሙ ሳይሆን «ሞቅታ» ብሎ ነው የሚጠራው። ደረቱ በደም ተለውሷል፣ መጠጥ መጠጥ ይሸታል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እየጮኸ ወደ መንገድ ሲወጣ ጎረቤት ይዞ ቀጥቅጦታል። ሳጅኑ በሌላው እጁ የሚንኳኳ ጆንያ ይዟል።

«ክፍሉ ውስጥ ሃያ ምናምን ጠርሙስ አገኘሁ። ይቺን ይዩልኝ፤ ደም አለባት!» ጠርሙሷን በባዶ እጁ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። የጣት አሻራ ነገር እዚያው ላይ አከተመ።

ሞቅታን እዚያው ሳሎን ውስጥ፣ ወይዘሮዋ እያዩት ጠየቅኩት። «ምን አድርገህ ነው?»

ቀና ብሎ የወንድሙን ሚስት አየ። ከዚያ ጫማውን አየ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

አለቃዬ ይህን ሲሰማ እጁን አፋተገ። «አምኗል እኮ! ዓርብ ፋይሉ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይድረስ። በግድያ ነው የምንከሰው።»

*

ረቡዕ ጠዋት አስከሬን ክፍል ሄድኩ። ሬሳ የምትመረምረው ዶክተር የቆየች ወዳጄ ናት፤ እኔን ሲያቅለሸልሸኝ እሷ ትስቃለች።

«ማንም አልመታውም» አለችኝ። «አንዲት ጭረት የለበትም። ደሙ የመጣው ከውስጥ ነው። የጉሮሮ ቧንቧው ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያሉት ደም ሥሮች አብጠው ኖረዋል፤ አንዱ ፈነዳ። ለምን እንዳበጡ ላሳይህ።»

ከሳህኑ ላይ አንድ ነገር በሁለት እጇ አነሳች። ጉበት መሆኑን የነገረችኝ እሷ ናት። ተጨማዶ ቢጫ ሆኗል፤ ገጹ በሙሉ ምስር በሚያህሉ እብጠቶች ተሸፍኗል። በጣቷ ስትነካው አይታጠፍም። መሐረቤን ፈለግኩ።

«ጉበት እንዲህ ሲጠጥር ደም አላሳልፍም ይላል። ደሙ ደግሞ መሄድ አለበት፤ ዞሮ በቀጫጭኑ መንገድ ይሄዳል። አንድ ቀን መንገዱ ይበጠሳል።»

«መጠጥ ነው?»

«ሊሆን ይችላል። ቫይረስም፣ ስብም፣ መድኃኒትም እንዲህ ያደርጋል። የጠጠረ ጉበት የገዳዩን ስም ግንባሩ ላይ አይጽፍም። ደሙን ለአልኮል ምርመራ ልኬዋለሁ፤ ውጤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

«እኔ ዓርብ ነው የምፈልገው።»

«እንግዲያስ ሲያክመው የነበረውን ሐኪም ጠይቅ። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ ሰውዬው የደማው አንድ ጊዜ አይደለም። ጨጓራው ውስጥ የረጋም ያልረጋም ደም አለ። ደማ፣ ቆመለት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ እንደገና ደማ። ከአምስት ሰዓት በፊትም አልሞተም።»

«በመካከሉ ሐኪም ቤት ቢደርሱስ?»

«ከአምስቱ አራቱ ይተርፋሉ» አለችና ጉበቱን ወደ ሳህኑ መለሰችው።

ለአለቃዬ ቁስል እንደሌለ ብነግረው አልተበገረም። «እንግዲያው መርዞት ነው» አለኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ የለም?»

ሞቅታ መኪና ያጥባል። ባለጋራዡ ዘንድ ሄጄ ማክሰኞ ጠዋት የት እንደነበረ ስጠይቀው የጥርሱን ፍርፋሪ በክብሪት እያወጣ አየኝ።

«እኔ የሰካራም ሰዓት አልቆጥርም።»

«መጥቶ ነበር ወይስ አልመጣም?»

«መጥቶ ይሆናል።»

ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለት ጊዜ አድበሰበሰብኝ። ሦስተኛው ላይ በሐሰት ምስክርነት የሚያስቀጣውን አንቀጽ ስጠቅስለት ክብሪቱን ጣለ። ለካ ሞቅታ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ያለማቋረጥ የራሱን የባለጋራዡን መኪና ሲያጥብ ነበር።

«ታዲያ ሰው ለሞት ሲቀርብ ይህን ለመናገር ምን ያዘህ?»

«የሰካራም ምስክር ተብዬ ስሜ ይነሳ?» አለኝ ሳያፍር።

አቤት ስም! በዚህ ፋይል ውስጥ ከደሙ ይልቅ ያቅለሸለሸኝ ይህ ቃል ነው። አለቃዬ ግን ምስክርነቱን አልተቀበለኝም፤ መርዝ በዋዜማው ማታም ይሰጣል አለኝ።

*

ሐሙስ ዕለት የጉበት ሐኪሙ እጁን ሁለት ጊዜ በአልኮል አሽቶ ነው የጨበጠኝ። ወጣት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አቧራ የለም። የዳይሬክተሩን ካርድ አውጥቶ ፊት ለፊቱ አስቀመጠና ሳይከፍተው ማውራት ጀመረ።

«ሁለት ኢንዛይሞች አሉ። ጉበት ሲጎዳ ሁለቱም ደም ውስጥ ከፍ ይላሉ። ምክንያቱ መጠጥ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ኤኤስቲ የሚባለው የሌላውን እጥፍ ያህላል። የርሳቸው ከእጥፍ በላይ ነበር። ቀይ የደም ሴሎቻቸውም ከልክ በላይ ተልቀዋል። የጉበት ቫይረስ ፈለግን፣ የለም። ስኳር የለም፣ ውፍረት የለም። በአልትራሳውንድ ጉበቱ ሸካራ ሆኖ፣ ጣፊያው አብጦ ይታያል።»

«ይኼ ሁሉ ሲደመር ምን ይላል?»

«ብቻውን ይጠቁማል እንጂ አይናገርም። የሚናገረው ከጥያቄው ጋር ነው።»

«ከየትኛው ጥያቄ?»

«ይጠጣሉ ወይ? ምን ያህል? ከመቼ ጀምሮ? የዚህ በሽታ ምርመራ ከመርፌ አይጀምርም፣ ኢንስፔክተር፤ ከአፍ ነው የሚጀምረው።»

ካርዱን ከእጁ ወስጄ ከፈትኩት። ሦስተኛው ገጽ ላይ «አልኮል» ተብሎ ተጽፎ በአንድ መስመር ተሰርዟል። ከሥሩ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ይላል። ጽሕፈቱ የአንድ ሰው ነው።

«ማን ነው የሰረዘው?»

ጆሮው ቀላ። «ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። ጥያቄውን ሳልጨርስ ‹እርሳቸው አይጠጡም› አሉኝ። እርሳቸው ዝም አሉ። እኔ ደግሞ የርሳቸው ተማሪ ነበርኩ፤ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ስለ መጠጥ ጉዳት ድርሰት ጽፌ የሸለሙኝ እርሳቸው ናቸው። ዳይሬክተሬን ውሸታም ልበላቸው?»

«ሴትዮዋን ትንሽ ውጪ ይጠብቁን ማለት አይቻልም ነበር?»

«ነውር መሰለኝ።»

«ደም ሥሮቹ ማበጣቸውንስ በካሜራ አየህ?»

«ለዚያ ምርመራ ወይዘሮዋ አልፈቀዱም። ምክንያቱ መጠጥ ካልሆነ ምን አስቸኮለን አሉ። እኔም አላስገደድኩም።»

ካርዱን ወርውሬለት ወጣሁ። የተማረ ሰው፣ ሁሉ ነገር ፊቱ ተዘርግቶ እያየ፣ በይሉኝታ በሽታውን ሰርዞ በሽተኛውን ገደለ። ደረጃውን እየወረድኩ ስሰድበው ቆየሁ። መጨረሻው ደረጃ ላይ ስደርስ ግን ስድቡ ወደ ራሴ ዞረ። እኔስ ሞቅታን የጠየቅኩት ማን ፊት ነበር?

*

ጣቢያው ስመለስ ሳጅኑን አስወጥቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ሞቅታ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ሽንት ሽንት ይላል። በመስኮቱ ብርሃን የዓይኑ ነጭ ወደ ቢጫ እንዳደላ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

«አሁን እኔና አንተ ብቻ ነን» አልኩት። «ወንድምህ ይጠጣ ነበር አይደል?»

እንባው በተሰነጠቀው ከንፈሩ ላይ ወረደ።

«ማክሰኞ ማክሰኞ ባዶውን እወስድለታለሁ፣ ሙሉውን አመጣለታለሁ። አሥራ አራት ዓመት። ጋሼ ራሱ መሸታ ቤት አይገባ ነገር፣ ማን ይግዛለት? ሰዉ ‹ሞቅታ ለብቻው ስንት ጠርሙስ ይጨርሳል› ይላል። እጠጣለሁ፣ አልዋሽህም። ግን ከግማሹ በላይ የሱ ነው።»

«ባዶውን የት ነው የሚያኖረው?»

«ጠረጴዛው ሥር ነዋ። ሦስት ሦስት አድርጎ ያሰልፋቸዋል። አስተማሪ አይደል፤ ሰልፍ ይወዳል።» ሊስቅ ሞከረና ከንፈሩ አመመው።

«ማክሰኞ ስትገባ ጠርሙሶቹ እዚያ ነበሩ?»

«አልነበሩም። ጋሼ ብቻ ነበር። አቀፍኩት፤ ቀዝቅዟል።»

«ለምን ታዲያ ጥፋቱ የኔ ነው አልክ?»

«የኔ ነዋ! ገዝቼ ያጠጣሁት እኔ አይደለሁ?» እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «ኢንስፔክተር፣ በሞቴ፣ ይህን እንዳትጽፈው። ስም ከመቃብር በላይ ነው። የኔን ስም ድሮውንም አፈር በልቶታል፤ የሱ እንኳ ይትረፍ።»

በግድያ ሊከሰስ አንድ ቀን የቀረው ሰው ነው እንዲህ የሚለምነኝ።

ጆንያውን አስመጥቼ ጠርሙሶቹን በሙሉ ቢሮዬ ወለል ላይ ደረደርኩ። ሃያ ሦስት ናቸው። ሰካራም ቤት ጠርሙስ ማየት ዳቦ ቤት ዱቄት እንደ ማየት ነውና ማንም ልብ ብሎ አላያቸውም ነበር። አሥራ አራቱ ንጹሕ ናቸው። ዘጠኙ ግን ከታች፣ የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ፣ ዙሪያቸውን የከበበ ቡናማ መስመር አላቸው። ደም ውስጥ ቆመው ነበር ማለት ነው።

ፎቶዎቹን አምጥቼ አጉሊ መነጽር አደረግኩባቸው። አይቼ አይቼ አንድ ነገር ሳገኝ ከወንበሬ ተነሳሁ። ከዘጠኙ በሦስቱ ክቦች ውስጥ፣ ንጹሑ ጣውላ ላይ፣ የደም ጠብታ አለ።

ሳጅኑ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ አለ። ማኘኩን አቆመ። «ጠርሙሱ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ጠብታው እዚያ አይገባም ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ። ጠርሙሶቹ የተነሱት ከመጀመሪያው መድማት በኋላ፣ ከሁለተኛው በፊት ነው። ሬሳ ደግሞ አያስታውክም።»

ለማኅበሩ ጸሐፊ ስልክ ደወልኩላት። ስብሰባው አራት ሰዓት ላይ ተጀምሮ እንደነበር ነገረችኝ።

«ወይዘሮዋ ግን ዘግይተው ነው የመጡት፤ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ይሆናል። ቤት ሳጸዳ ነው ብለው ይቅርታ ጠየቁ። እጃቸውም በረኪና ይሸት ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ንግግር አደረጉ። መጠጥ ቤተሰብን እንዴት እንደሚያፈርስ ግሩም አድርገው ነው የተናገሩት። እኔ እንኳ አልቅሻለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁትና እጄን ታጠብኩ። ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም።

*

ዓርብ ጠዋት ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ሁሉንም አስወጣሁ። እህታቸው ልትቀር ስትለማመጠኝ እሷንም አስወጣሁ። ወይዘሮዋና እኔ ብቻ ቀረን።

«አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፣ እትዬ። እስካሁን ሰው ፊት ነበር የጠየቅኩዎት።»

«እርሳቸው አይጠጡም» አሉኝ፣ ጥያቄውን ሳይሰሙ።

ፎቶውን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩና በእርሳሴ ጫፍ ጠብታዎቹን አሳየኋቸው። ስለ ክቦቹ፣ ስለ ቡናማው መስመር፣ ስለ ሁለቱ መድማቶች ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ሳበቃ ፎቶውን ገልብጠው አስቀመጡት።

«እርሳቸው ናቸው ያዘዙኝ» አሉ። «ድምፅ ሰምቼ ስገባ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ደም በደም ሆነዋል። ስልክ ልደውል ስል ቀሚሴን ያዙኝ። ‹መጀመሪያ ጠርሙሶቹን አንሺ፤ ሰው ሳያይ› አሉኝ። ደሙ ደግሞ የቆመ መሰለ። እኔም ገበናችንን ልሸፍን ብዬ… ሦስት ሦስት እየያዝኩ ወደዚያ ሰውዬ ክፍል አመላለስኩ።»

«ስልኩ ኮሪደሩ ላይ ነው። ስንት ጊዜ አለፉበት?»

አሰቡ። ያሰቡት ለመዋሸት አልነበረም፤ በትክክል ለመቁጠር ነበር። «ስድስት ጊዜ።»

«ሁለተኛው መድማት የመጣው መቼ ነው?»

«ለሦስተኛው ስመለስ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ አልደወሉም?»

«ሦስት ጠርሙስ ቀርቶ ነበር።»

እነዚህን ሦስቱንም ይዘው ወጥተዋል። ከዚያ እጃቸውንና ጫማቸውን በበረኪና ታጥበው፣ ልብስ ለውጠው ወደ ስብሰባው ሄዱ።

«ሲወጡ ይተነፍሱ ነበር?»

«ይተነፍሱ ነበር» አሉ። «ዓይናቸው ጠርሙሶቹን ይከተል ነበር።»

ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩት።

«ወንድማቸውስ? ሦስት ቀን ታስሮ ዝም አሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!»

«እሱ ድሮም ስም የለው» አሉኝ፣ ነገሩ ግልጽ እንደሆነ ሁሉ። «ምን ይጎድልበታል?»

«ዕድሜ ልኩ፣ እትዬ። የሚጎድለው ዕድሜ ልኩ ነው።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ክንዴን ያዝ አድርገው ዝቅ ባለ ድምፅ ለመኑኝ፤ «በጓሮ በር እንውጣ።»

በፊት ለፊቱ በር ይዣቸው ወጣሁ።

*

ሞቅታን ያን ዕለት ፈታሁት። ስለ ወይዘሮዋ ስነግረው ጭንቅላቱን ያዘ። «ጋራዥ ድረስ ሰው ልካ በነገረችኝ፤ በጀርባዬ ተሸክሜው እሮጥ ነበር» አለ። ሊወጣ ሲነሳ ግድግዳውን ደገፈ፤ እግሮቹ አብጠው ጫማው አልገባ ብሎታል።

እጁን ይዤ ወደ ጉበት ሐኪሙ ወሰድኩት። ሐኪሙ እኔን ሲያይ ደነገጠ፣ ሞቅታን ሲያይ ደግሞ ባሰበት፤ መልካቸው አንድ ነው። አስቀመጠው። ዓይኑን ገልጦ አየ፣ ሆዱን ዳሰሰ፣ እግሩን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ የተወውን ጉድጓድ ተመለከተ። አዲስ ካርድ አወጣ። እስክሪብቶውን ካነሳ በኋላ ግን ቆመና ወደኔ ዞረ።

«ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ውጪ ይጠብቁ።»

ወጣሁ። በሩ በደንብ አልገጠመም፤ ድምፃቸው ይሰማኛል።

«ይጠጣሉ?» አለው ሐኪሙ።

ሰፈሩ በሙሉ፣ ባለጋራዡም፣ ሳጅኑም፣ እኔም ሳንጠየቅ የምንመልሰው ጥያቄ ነው። ሞቅታ ሲናገር ድምፁ ሰከን ያለ፣ የማላውቀው ሰው ድምፅ ነበር።

«ሁሉም ይናገርልኛል እንጂ እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለ። «አዎ፣ እጠጣለሁ። ጻፍ፤ ስንት እንደሆነ እነግርሃለሁ።»